ጉዳትን መከላከልና ከጉዳት ማገገም፦ የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ሳያቋርጡ ጤናን መጠበቅ

መደበኛ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የልብና የደም ሥር ሕመሞችን እንዲሁም ሌሎች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱና ዋነኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ሊያደርግ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠናክሩ እንቅስቃሴዎች ይመከራሉ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሚሆኑ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

በአገራችን የብዙኃን ስፖርት ባህል እየዳበረ መጥቷል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በርካታ ተሳታፊዎችን በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ያሰባስባል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም ከተሽከርካሪ ነፃ በሆኑ ቀናት የከተማ ጎዳናዎች ለእግረኞችና ለስፖርት አፍቃሪዎች ክፍት ሲደረጉ ታይቷል። በየሰፈሩ የሚደረገው የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የማለዳ ሩጫና በስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች የሚሠራው እንቅስቃሴም የብዙዎች የዕለት ልማድ ሆኗል።

ይሁን እንጂ እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ የጉዳት ዕድል አለ። ቀላል ወለምታ ወይም የጡንቻ ሕመም የገጠመው ሰው ሁለት ስሕተቶችን ሲፈጽም ይስተዋላል። አንደኛው ሕመሙን ችላ ብሎ እንቅስቃሴውን መቀጠልና ጉዳቱን ማባባስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳቱን ፈርቶ ከእንቅስቃሴ ጨርሶ መራቅ ነው። ሁለቱም ጤናን ይጎዳሉ። ይህ ጽሑፍ ጉዳት እንዴት እንደሚከሰት፣ እንዴት መከላከል እንደሚቻል፣ ጉዳት ሲደርስ ምን መደረግና ምን አለመደረግ እንዳለበት እንዲሁም በደረጃ ወደ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚመለሱ ያብራራል።

የጉዳት ዓይነቶች

በአካል ብቃት እንቅስቃሴ ወቅት የሚደርሱ ጉዳቶች በአጠቃላይ በሁለት ይከፈላሉ።

ድንገተኛ ጉዳት፦ በአንድ ቅጽበት የሚደርስ ጉዳት ነው። የቁርጭምጭሚት ወለምታ፣ የጡንቻ መሰንጠቅ፣ የመገጣጠሚያ ውልቃት፣ የአጥንት ስብራትና የጭንቅላት ምት በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከልኩ በላይ ሲሳብ ወይም ሲበጠስ የሚፈጠር ጉዳት ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ላይ የሚደርሰው ወለምታ በስፖርት ከሚያጋጥሙ ጉዳቶች እጅግ የተለመደው ነው።

ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ጉዳት፦ ቀስ በቀስ የሚፈጠር ነው። ጡንቻ፣ ጅማትና አጥንት በእንቅስቃሴ ጊዜ ጥቃቅን ጫናዎችን ተቀብለው በዕረፍት ጊዜ ራሳቸውን ይጠግናሉ፤ ይጠነክራሉም። ጫናው ከጥገናው ሲፈጥን ግን ጉዳት ይጀምራል። የተረከዝ ጅማት ሕመም፣ የጉልበት ፊት ሕመም፣ የቅልጥም ሕመምና የአጥንት መሰንጠቅ የዚህ ውጤቶች ናቸው።

እነዚህን ጉዳቶች ከተለመደው የጡንቻ መዛል መለየት ያስፈልጋል። አዲስ ወይም ከወትሮው የበዛ እንቅስቃሴ ከተደረገ በኋላ የሚሰማው የጡንቻ መተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ በርትቶ ከዚያ በኋላ በራሱ ይለቃል። ሁለቱንም እግር ወይም ሁለቱንም ክንድ በእኩል የሚይዝ ከሆነ አሳሳቢ አይደለም። በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ አጥንት ሲነካ የሚያም፣ በየቀኑ እየባሰ የሚሄድ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የጉዳት ምልክት ነው።

ጉዳትን መከላከል

1. ጫናን ቀስ በቀስ ማሳደግ፦ ለተደጋጋሚ ጫና ጉዳቶች ዋነኛው ምክንያት የእንቅስቃሴ መጠን በድንገት መጨመር ነው። ለወራት ሳይሮጥ ቆይቶ ታላቁ ሩጫ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየቀኑ መሮጥ የሚጀምር ሰው ልቡና ሳንባው ቢችሉለትም ጅማቱና አጥንቱ ላይችሉለት ይችላሉ። ጅማትና አጥንት ከጡንቻ ይልቅ ለአዲስ ጫና የሚለምዱት በዝግታ ነውና። ጀማሪዎች በፈጣን የእግር ጉዞ ጀምረው፣ ጉዞንና ሩጫን እያፈራረቁ በበርካታ ሳምንታት ውስጥ ወደ ሙሉ ሩጫ ቢሸጋገሩ ይመረጣል። ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ መጨመር አይመከርም።

2. ሰውነትን ማሟሟቅ፦ ከእንቅስቃሴ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀላል ሩጫ፣ ጉልበትን ከፍ በማድረግ፣ በመዝለልና መገጣጠሚያዎችን በማፍታታት ሰውነትን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በተለይ በደጋማ አካባቢዎች ማለዳው ቀዝቃዛ በመሆኑ የማሟሟቂያው ጊዜ ሊረዝም ይገባል። ለእግር ኳስ ተጫዋቾች በዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተዘጋጀውና 20 ደቂቃ ያህል የሚወስደው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በትክክል ሲተገበር ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። መርሐ ግብሩ ሩጫን፣ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴዎችን ያካተተ ሲሆን ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በሰፈር ሜዳም ሊሠራ ይችላል።

3. ጥንካሬና ሚዛንን ማዳበር፦ በአንድ እግር ለ30 ሰከንድ መቆም፣ በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ ከወንበር ላይ ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ በማንኛውም ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። እነዚህ እንቅስቃሴዎች ቁርጭምጭሚትን፣ ባትንና ጉልበትን ከጉዳት ይጠብቃሉ።

4. ተስማሚ ጫማና ቦታ መምረጥ፦ ጫማ ከእግር ልክ ጋር የሚሄድ፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝና ሶሉ ያላለቀ ሊሆን ይገባል። ስልባጅ ጫማ የሚገዙ ሰዎች ሶሉ በአንድ ወገን የተበላ አለመሆኑን ጫማውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጠው ቢያረጋግጡ ይጠቅማል፤ ያጋደለ ጫማ እግርንም ያጋድላልና። ታኬታ ጫማ ለሣር ሜዳ የተሠራ በመሆኑ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ መጠቀሙ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት አደገኛ ነው። በኮብልስቶን ላይ በተለይም በዝናብ ወቅት መሮጥ ለወለምታ ያጋልጣል። በአስፋልት ብቻ ከመሮጥ ይልቅ የአፈር መንገድንና የሣር ሜዳን እያፈራረቁ መጠቀም ይመከራል። ከንጋት በፊትና ከምሽት በኋላ በመኪና መንገድ የሚሮጡ ሰዎች ደማቅ ልብስ መልበስና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ እያዩ መሮጥ አለባቸው።

5. ዕረፍት፣ ውኃና ምግብ፦ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀንና በቂ እንቅልፍ ያስፈልጋሉ። በጾም ወቅት እንቅስቃሴን ጨርሶ ማቋረጥ አስፈላጊ ባይሆንም፣ ጠንከር ያለውን እንቅስቃሴ ወደ መመገቢያው ሰዓት ማስጠጋት ወይም ከተመገቡ በኋላ ማድረግ፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ ቀለል ያለ እንቅስቃሴን መምረጥ ተገቢ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በጾምም ጡንቻን የሚጠግን ፕሮቲን ያስገኛሉ። ጤፍ ከብዙ እህሎች የተሻለ የካልሲየም መጠን አለው።

ጉዳት ሲደርስ የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ

ለወለምታና ለጡንቻ ጉዳት የመጀመሪያዎቹ ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። በዚህ ጊዜ፦

• እንቅስቃሴውን ወዲያው ማቆም፣ የተጎዳውን ክፍልም ከጫና መጠበቅ፤
• በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ በየ2 እና 3 ሰዓቱም መድገም፤ በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ያቃጥላል፤
• በሚለጠጥ ፋሻ መጠነኛ ጥብቀት አድርጎ መጠቅለል፤ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ፋሻውን ወዲያው ማላላት፤
• የተጎዳውን እግር ወይም እጅ በትራስ ላይ ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማሳረፍ።

በእነዚህ ቀናት ጉዳቱን በሙቅ ነገር መተኮስ፣ ማሸትና አልኮል መጠጣት ደም መፍሰስንና እብጠትን ስለሚያባብሱ መወገድ አለባቸው።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎችና ለነፍሰ ጡሮች ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ያለ ባለሙያ ምክር መወሰድ የለባቸውም። ሕመምን በመድኃኒት ወይም በመርፌ አደንዝዞ ወደ ጨዋታ መመለስ ደግሞ ሰውነት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ነው።

ስብራት ወይም ውልቃት ከተጠረጠረ የተጎዳውን ክፍል ባለበት ሁኔታ በእንጨት ወይም በተጣጠፈ ካርቶን ደግፎ ማሰርና ሕመምተኛውን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የወለቀን መገጣጠሚያ በመሳብ ለመመለስ መሞከር የደም ሥርንና ነርቭን ሊበጥስ ይችላል። ቁስል ያለበት ስብራት በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በጤና ተቋምም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስፈላጊነት ይታያል። አንገቱ ወይም ጀርባው ላይ የተመታ ሰው ሠልጣኝ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ መንቀሳቀስ የለበትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይጠራል።

ስለ ወጌሻ ሕክምና ሊታወቅ የሚገባው

ወጌሻዎች በማኅበረሰቡ ዘንድ ለዘመናት የኖረ ተሰሚነት አላቸው። ቅርብ መሆናቸው፣ ክፍያቸው አነስተኛ መሆኑና ጄሶና ቀዶ ሕክምናን መፍራት ብዙዎች አስቀድመው ወደ እነርሱ እንዲሄዱ ምክንያት ነው። ሆኖም ስብራትን ያለ ራጅ ምርመራ መለየት አስቸጋሪ ነው። ከሁሉም በላይ አደገኛው ነገር የተሰበረን እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ወይም በሌላ ስንጥር አጥብቆ ማሰር ነው።

አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ያለው አካል ያብጣል። እሰሩ እብጠቱ የሚሄድበትን ቦታ ሲያሳጣው ግፊቱ የደም ሥሮችን ይዘጋል። ደም ያላገኘ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ሊመለስ ወደማይችል ጉዳት ይገባል፤ ቀጥሎም አካሉ ይሞታል፤ መቆረጥም የግድ ይሆናል። በአገራችን ሆስፒታሎች በተለይ በሕፃናት ላይ ከሚታዩት የእጅና የእግር መቆረጥ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በወቅቱ ቢታከም በጄሶ ብቻ ሊድን ይችል የነበረ ስብራት በዚህ ሁኔታ የዕድሜ ልክ አካል ጉዳት ያስከትላል።

ስለዚህ እጁ ወይም እግሩ የታሰረ ማንኛውም ሰው፣ የታሰረው በወጌሻም ሆነ በጄሶ፣ የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩበት እሰሩ ሳይዘገይ ሊላላና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል፦

• እየባሰ የሚሄድና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፤
• ጣቶችን ቀስ ብሎ ሲዘረጉለት የሚያስጮህ ሕመም፤
• መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር፤
• ጣቶችን ማንቀሳቀስ አለመቻል፤ በቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት።

ቀላል መፈተሻ አለ፦ የጣት ጥፍር ተጫን ተደርጎ ሲለቀቅ የደም ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ከዘገየ ደም በበቂ ሁኔታ እየደረሰ አይደለም። ይህን መፈተሻ ወላጆች በተለይ ሕመሙን በቃል መግለጽ ለማይችሉ ሕፃናት በየጊዜው ሊጠቀሙበት ይገባል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ማደሩ «ስብራት ነውና ያማል» ተብሎ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። ወጌሻዎችም ስብራት የጠረጠሩትን ሰው ሳያስሩና ሳያሹ ወደ ጤና ተቋም በመላክ የብዙዎችን አካል መታደግ ይችላሉ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ወለምታ ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ያልቻለ፣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲነካ የሚያመው፣ የአካሉ ቅርጽ የተዛባ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ያበጠበት ወይም በሳምንት ውስጥ መሻሻል ያላየ ሰው ግን መመርመር አለበት።

በጭንቅላቱ ላይ ምት የደረሰበት ተጫዋች ራሱን ባይስትም እንኳ ማዞር፣ ግራ መጋባት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የማየት ችግር ካሳየ ከሜዳ ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ከባድ እንቅልፍ ከተከሰተ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመም፣ ከልክ ያለፈ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰውም እንዲሁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት በቅድሚያ ወደሚገለገሉበት ጤና ጣቢያ ቢሄዱ በሪፈራል ወደ ሆስፒታል የመላክ ዕድል ያገኛሉ። የሕክምና ወጪን በመፍራት ስብራትን በቤት ማቆየት መጨረሻው ከፍ ያለ ወጪና የከፋ ጉዳት ነው።

በደረጃ ማገገም

ማገገም ተኝቶ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ያለ አስፈላጊነት ለረጅም ጊዜ መተኛት ጡንቻን ያሳሳል፤ መገጣጠሚያን ያደርቃል። ቀላል ወለምታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ የአዋቂ ሰው ስብራት እንደ ቦታው በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ የጅማት ሕመም ደግሞ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ግን የሚከተሉትን ደረጃዎች ማለፍ ይበልጥ አስተማማኝ መለኪያ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ እንቅስቃሴን መመለስ። ከባድ ጉዳት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ መገጣጠሚያውን ያለ ክብደት ማንቀሳቀስ ይጀመራል። ለቁርጭምጭሚት፣ በእግር አውራ ጣት አየር ላይ የፊደል ገበታን ከ«ሀ» ጀምሮ መጻፍ ቀላልና ውጤታማ ልምምድ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ጥንካሬን መመለስ። በሁለት እግር ቀጥሎም በአንድ እግር ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ በአንድ እግር መቆም። መለኪያው የተጎዳው ወገን ከጤነኛው ጋር መስተካከሉ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ወደ ሩጫ መመለስ። 30 ደቂቃ ያለ ሕመምና ያለ ማነከስ መራመድ የቻለ ሰው 1 ደቂቃ በመሮጥና 2 ደቂቃ በመራመድ ይጀምራል፤ በየጥቂት ቀናቱም የሩጫውን ድርሻ ያሳድጋል።

አራተኛ ደረጃ፦ ወደ ውድድር መመለስ። ፍጥነት፣ መዝለልና አቅጣጫ መቀየር ያለ ፍርሃትና ያለ ሕመም ከተቻለ በኋላ ብቻ የሚታሰብ ነው። የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ተጫዋች ቢያንስ 9 ወር መታገሥ ይኖርበታል።

በየደረጃው ሕመምን ከ0 እስከ 10 በሆነ መለኪያ መመዘን ይረዳል። ከ3 ያልበለጠና በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበርድ ሕመም ልምምዱን ለመቀጠል አያግድም። ከዚያ ካለፈ ወይም በማግሥቱ እብጠት ካስከተለ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል። የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት በሚገኝበት ቦታ በባለሙያ መታገዝ ይመረጣል።

በማገገም ላይ ያለ ሰው ከእንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ መለየት አይጠበቅበትም። እግሩ የተጎዳ ሰው ተቀምጦ የእጅና የደረት እንቅስቃሴ ሊሠራ፣ ባለሙያ ከፈቀደለትም በቆመ ብስክሌት ወይም በዋና ልቡንና ሳንባውን ሊያሠራ ይችላል።

የታዋቂ አትሌቶቻችን ተሞክሮም ትዕግሥት ዋጋ እንዳለው ያሳያል። አትሌት ቀነኒሳ በቀለ በተደጋጋሚ የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት ጉዳት ለዓመታት ከተፈተነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በ37 ዓመቱ የበርሊን ማራቶንን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸንፏል። ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን ተመርጦ የነበረው አትሌት ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለተጠባባቂው ለአትሌት ታምራት ቶላ ሲለቅ፣ ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝቷል። በጉዳት ጊዜ ቦታን መልቀቅ ለሌላው ዕድል፣ ለራስም መዳኛ ጊዜ ይሰጣል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች

አረጋውያን፦ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች መውደቅን ለመከላከል በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ የሚዛንና የጥንካሬ እንቅስቃሴ ቢያደርጉ ይመከራል። በአጥንት መሳሳት ምክንያት ቀላል አወዳደቅም የዳሌ ስብራት ሊያስከትል ስለሚችል ከወደቁ በኋላ መቆም ያቃታቸው አረጋውያን በአፋጣኝ መመርመር አለባቸው።

የስኳር ሕሙማን፦ እግራቸው ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስልን ላያውቁት ይችላሉ። ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ እግራቸውን፣ የጫማቸውንም ውስጥ ማየት አለባቸው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድንገት ስኳራቸው ቢወርድ የሚወስዱት ጣፋጭ ነገር ይዘው መንቀሳቀስ ይገባቸዋል።

ሕፃናትና ታዳጊዎች፦ የአጥንታቸው ማደጊያ ክፍል ገና ያልጠነከረ በመሆኑ «ወለምታ ነው» ተብሎ የታለፈ ጉዳት ስብራት ሊሆን ይችላል። የሚያነክስ ልጅ እንዲጫወት መገደድ የለበትም።

ማጠቃለያ

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጥቅሙ ከጉዳት ሥጋቱ እጅግ ይበልጣል። ጫናን በመጠን መጨመር፣ ሰውነትን ማሟሟቅና በቂ ዕረፍት ማድረግ አብዛኛውን ጉዳት ያስቀራሉ። ጉዳት ሲደርስ ትኩስ ጉዳትን አለማሸት፣ አጥብቆ አለማሰርና የአደጋ ምልክቶችን አውቆ በሰዓቱ ወደ ጤና ተቋም መድረስ እጅንና እግርን ከመቆረጥ ያድናሉ። የስፖርት ቡድን አሠልጣኞች፣ መምህራን፣ ወላጆችና በየደረጃው ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይህን መረጃ ለሌሎች በማድረስ የበኩላቸውን ድርሻ ሊወጡ ይገባል።